ያልተከደነው የበርበሬ ጠርሙስ

እትዬ ቤት የሄድኩት ቡና ልጠጣ ነበር። የምታፈላው ልጃቸው ናት። እሳቸው ሶፋው ላይ ሆነው «እጣኑ አነሰ፣ ፈንዲሻውን አምጪ» እያሉ ያዛሉ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ማድ ቤት ስገባ ምድጃው አጠገብ አንድ ትልቅ ጠርሙስ አየሁ። በርበሬ ነው። ክዳን የለውም፤ በክዳኑ ፈንታ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ተደፍቶበታል። ክዳኑን መስኮቱ ሥር አገኘሁትና ገጥሜ አጠበቅኩት። በርበሬ አየር ሲያገኘው ሽታው ይሄዳል፤ ይሄን ለእትዬ መንገር ደግሞ ድፍረት ነው።

ልጃቸው ከኋላዬ መጣች። ምንም ሳትል ክዳኑን ፈትታ ሳህኑን መልሳ ደፋችበት። «እማዬ መክፈት አትችልም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ሥራ ስገባ እንዲህ ነው የምተውላት።»

የቀዳሁት ውሃ እጄ ላይ ቀረ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት እኚሁ እናት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። «ምግብ ማዘጋጀት ይችላሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «እንዴታ!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ዝም ብያለሁ።

ይሄ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ ነው። ያ ዝምታዬ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሽሮ ለአንድ ሰው

ለንደን ውስጥ በአንድ ትንሽ የማኅበረሰብ ማዕከል የጥቅማ ጥቅም አማካሪ ነኝ። ሰው ቡናማ ፖስታውን በፌስታል ይዞ ይመጣል። ብዙዎቹ ፖስታዎች ተከፍተው አያውቁም። አንዳንዱ ሰው ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉም ጊዜዬን የሚወስደው ፒፕ የሚባለው ነው፤ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የዕለት ኑሮው ለከበደው ሰው የሚከፈል ድጎማ።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። ገንዘቡ የሚሰጠው ለበሽታው ስም አይደለም። አሥር የዕለት ተግባራት አሉ፤ ምግብ ማዘጋጀት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳዳት፣ መድኃኒት መውሰድ፣ ከሰው ጋር መግባባት እያለ ይቀጥላል። ሁለት ደግሞ የመንቀሳቀስ ጥያቄዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። 8 ነጥብ ከሞላ መደበኛው ክፍያ፣ 12 ከሞላ ከፍተኛው። 7 ከሆነ ምንም። እ.ኤ.አ. በ2025/26 የዕለት ኑሮው መደበኛ ክፍያ በሳምንት 73.90 ፓውንድ ነበር፣ ከፍተኛው 110.40።

ሕጉ «ቀላል ምግብ» ሲል የራሱ ትርጉም አለው። ከትኩስ አስቤዛ የተሠራ፣ የበሰለ፣ አንድ ዓይነት፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ምግብ ማለት ነው። ማብሰል የሚባለው ደግሞ በወገብ ከፍታ ወይም ከዚያ በላይ ባለ ምድጃ ላይ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ኦቭን ውስጥ ማስገባት አይቆጠርም። በእኛ ቤት ቢታሰብ አንድ ድስት ሽሮ ነው እንግዲህ። ሽንኩርት መክተፍ፣ ማቁላላት፣ ሽሮውን እየነሰነሱ ማማሰል፣ ድስቱን ማውረድ።

ለእትዬ ግን ሽሮ ምግብ መሥራት አይባልም። ምግብ መሥራት ማለት ዶሮው አሥራ ሁለት ቦታ ወጥቶ፣ ሽንኩርቱ በዓይን እንባ ተቁላልቶ፣ እንግዳ ተጠርቶ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ምግብ መሥራት የሚባል ነገርም አያውቁም። ማን ለአንድ ሰው ይሠራል? «ምግብ ማዘጋጀት ይችላሉ?» ሲባሉ የተጠየቁት ስለ ሽሮ መሆኑ ትዝ አላላቸውም። የተጠየቁት ሴትነታቸውን መሰላቸው።

ሕጉ ውስጥ አንድ በጣም የምወደው ክፍል አለ። አንድ ነገር «ይችላል» የሚባለው ሰውየው አደጋ ሳይደርስበት፣ ደህና አድርጎ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሁሉ ደጋግሞ፣ በተገቢው ጊዜ ውስጥ ሲያደርገው ነው ይላል። ተገቢ ጊዜ ማለት ደግሞ ጤነኛ ሰው ቢበዛ ከሚፈጅበት ከእጥፍ ያልበለጠ። ይሄን የጻፈ ሰው የታመመ ሰው አይቷል ብዬ አምናለሁ። የሚያበሳጨኝ እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ጥበብ ስልኩ ላይ ሲደርስ በአንድ ቃል ማለቁ ነው፦ «ይችላሉ?»

ስልኩ

እትዬ ለፒፕ ካመለከቱ በኋላ ግምገማው የተደረገው በስልክ ነበር። ከኮቪድ ወዲህ በአብዛኛው እንደዚያ ሆኗል። እትዬ ማዕከሉ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው። ዶክተር ጋ እንደሚሄድ ሰው ነው የለበሱት። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ በስኳር ዕቃው አስደግፌ ድምፁን ከፈትኩት። በአንድ ወገን ገምጋሚዋ፣ በሌላ ወገን ከየት እንደሚናገር የማላውቀው አስተርጓሚ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ነበር። እትዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። አስተርጓሚው «ደህና ናቸው» አለ። ከዚያ ወዲያ የኪቦርድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ያን ጊዜ ሆዴ ተረበሸ። እንዲህ ያለው ሰላምታ ጥያቄም መልስም አይደለም፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰውም «ደህና» ነው የሚለው። ኪቦርዱ ግን ይሄን አያውቅም።

ምግቡ ላይ ስንደርስ እትዬ ቀና ብለው ተቀመጡ። «እንዴታ!» አሉ። «ሦስት ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ፤ ስንት ድግስ ደግሻለሁ!» አስተርጓሚው «አዎ፣ ትችላለች» አለ። ቀጭ ቀጭ። ቀጥሎ መታጠብ። «ንጹሕ ነኝ» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። ቀጭ ቀጭ።

እኔ አጠገባቸው ነኝ። አብሮ የገባ ሰው መናገር ይፈቀድለታል፤ አውቃለሁ። አፌን ልከፍት አልኩ። ዓይናቸውን አየሁት። ባልተናገርሽ ይላል። እናቴ በምትሆን ሴት ላይ፣ ሁለት እንግዳ እየሰማ፣ «ኧረ እትዬ አይችሉም፣ እጅዎ አይጨብጥም» እንዴት ይባላል? የሰው ገበና መሸፈን ነው ያደግኩበት። ዝም አልኩ። ጥያቄው አለፈ።

አስተርጓሚውን አልወቅስም። ምናልባት የቀኑ አምስተኛ ስልኩ ነው፤ የተባለውን ነው ያሳጠረው። ገምጋሚዋም አልጮኸችም፣ አላንጓጠጠችም። ትሕትናዋ እንኳን ደህና ነበር። ይሄ ነው ግራ የሚያጋባኝ። ማንም ክፉ ሳይሆን አንዲት ሴት አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆነች።

አያቴ ሁለት ነገር አዘውትራ ትል ነበር። አንዱ «ሆድ ይፍጀው» ነው። ሌላው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል»። እንደየቀኑ የምትመርጠውን ትመርጣለች። እኔ ያን ቀን የመጀመሪያውን መረጥኩ። ሥራዬ ግን ሁለተኛው ነበር።

ያልተያዘው ስልክ

ውሳኔው ሲመጣ 6 ነጥብ ነው። ለምግብ 2፣ ለመታጠብ 2፣ ለመልበስ 2። የገምጋሚዋን ሪፖርት አስልኬ አነበብኩት። «ምግብ ያለችግር ማዘጋጀት እንደሚችሉ ተናግረዋል፤ አልፎ አልፎ ማገዣ ዕቃ ሊያስፈልጋቸው ይችላል» ይላል። ይሁን፣ ብለዋል። ከዚያ ወረድ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። እትዬ በጠቅላላው ውይይት ስልካቸውን ይዘው ስለቆዩ የእጃቸው የመጨበጥ አቅም በቂ ነው ይላል።

ስልኩን ማንም አልያዘውም። ስኳሩ ዕቃ ላይ ተደግፎ ነበር። ያስደገፍኩት እኔ ነኝ።

ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። ማንም ያላየው እጅ ነው የተለካው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቻቸውን ወደ ጎን አጣሟቸዋል። ጠዋት ጠዋት እጃቸው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳይቆይ አይፈታም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቢሮ ያጸዱበት እጅ ነው።

ጂፒያቸው፣ የሰፈር ሐኪማቸው ማለት ነው፣ የጻፈው ደብዳቤ ሦስት መስመር ነው፤ የበሽታው ስምና የመድኃኒቶቹ ዝርዝር። ሆስፒታሉ ደግሞ «ለመድኃኒቱ ጥሩ ምላሽ እየሰጡ ነው» ብሏል። ሐኪሙ ከአምናው ጋር አነጻጽሮ ነው የጻፈው። ውሳኔ ሰጪው ከጤነኛ ሰው ጋር አነጻጽሮ አነበበው።

ውሳኔውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ እንደገና እንዲያየው ጠየቅን። ማንዳተሪ ሪኮንሲደሬሽን ይሉታል፤ ወደ ዳኛ ከመሄድ በፊት የግድ የሚታለፍ በር ነው፤ ለመጠየቅም ጊዜው አንድ ወር። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የስልኩን ነገር ጻፍኩ። መልሱ መጣ፤ ነጥቡ ያው 6። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚተወው። ጠረጴዛዬ ላይ ስንቶቹ «ተይው ልጄ፣ የባሰ አታምጣ» ብለው ፖስታቸውን አጥፈው ሄደዋል። ይግባኝ ብጠይቅ ስሜ ይበላሻል፣ የቤት ኪራዩን ይቆርጡብኛል የሚሉ አሉ። የሚያስረዳቸው ሕግ አዋቂ የለም። ፒፕ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ነው። በዚያው ወር ነው መንግሥት ለጥቅማ ጥቅም ጉዳይ ይከፍል የነበረውን የሕግ ድጋፍ ከሞላ ጎደል ያቆመው። አዲስ ዳገት ሠርቶ በዚያው ወር ምርኩዝ መቀማት ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ችሎት ፊት ቀርበው ከሚታዩት የፒፕ ይግባኞች ለዓመታት ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ለአመልካቹ መፈረዳቸው ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ «ታዲያ ሲስተሙ ይሠራል» ይለኛል። እኔ የማየው ሌላ ነው። የሚፈረድለት እስከዚያ የደረሰው ነው። እስከዚያ ያልደረሰውን እኔ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገኘዋለሁ። «ደህና ነኝ» ይለኛል።

«እንደ እናትህ ቁጠረኝ»

ለይግባኙ የእትዬን ኑሮ መጻፍ ነበረብኝ። በርበሬውን ካየሁ በኋላ ሁሉንም ከሥሩ ጠየቅኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸው የሳምንቱን ሽንኩርት ከትፋ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ ትከታለች። እሳቸው ድስት የሚያወርዱት በእጅ ሳይሆን በክንዳቸው አቅፈው ነው፤ አንዴ ሽሮው ጭናቸው ላይ ፈሷል። ጠባሳውን ያሳየችኝ ልጃቸው ናት። ገንዳው ውስጥ ገብተው መውጣት ስለማይችሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከሳፋ ነው የሚታጠቡት። ልጅቷ የሌሊት ተረኛ ከሆነች ሳይታጠቡ ይከርማሉ። እኔ እጽፋለሁ፤ እሳቸው መስኮቱን ያያሉ። «ይሄንንም ትጽፊዋለሽ?» አሉኝ አንዴ። «አዎ እትዬ።» ዝም አሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው። ግን ተረቱ ለሐኪም ነው የተተረተው። ለሦስት የማያውቋቸው ሰዎችና ለአንድ አስተርጓሚ በተጻፈ ወረቀት ገበናን ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

ችሎቱ ከወራት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ሆነ። ዳኛ፣ ሐኪም፣ እና የአካል ጉዳትን ኑሮ የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ተቀምጠዋል። ሐኪሟ «ይችላሉ?» አላለችም። «ትናንት ምን በሉ? ማን ሠራው?» አለች። በቃ። እትዬ ትናንትን መናገር አላቃታቸውም። ስለ ፍሪዘሩ ሽንኩርት ተናገሩ። ስለ ድስቱ ተናገሩ። ሐኪሟ ጠባሳውን በጭንቅላቷ ምልክት ሰጥታ አለፈችው፤ አሳዩኝ አላለቻቸውም። ለዚህ እስከዛሬ አመሰግናታለሁ።

ከዚያ መታጠብ መጣ። አስተርጓሚው ወጣት ወንድ ነው፤ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። እትዬ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ዳኛው ጠበቁ። እኔ ዕረፍት ልጠይቅ እጄን ላነሳ ስል እትዬ ወደ ልጁ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ እናት አለችህ?»

ልጁ ደንገጥ አለ። ወደ ዳኛው ዞሮ የተባለውን ተረጎመ፤ ሥራው ነው። ዳኛው እንዲመልስላቸው ፈቀዱለት። «አለችኝ እትዬ። አዲስ አበባ ናት።»

«እንግዲያው እንደ እናትህ ቁጠረኝ» አሉትና ተናገሩ። ሁሉንም። ጀርባቸውን ማን እንደሚያጥብ፣ ልጃቸው የሌለች ቀን ምን እንደሚሆን፣ መጸዳጃው ላይ ያለውን የብረት መያዣ ባይዙ መነሳት እንደማይችሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይተረጉማል። አስተርጓሚ «እሷ» አይልም፤ «እኔ» ብሎ ነው የሚናገረው። «እኔ ከወገቤ በታች ጎንበስ ማለት አልችልም። እኔን ልጄ ነች የምታጥበኝ።» በእሱ ወጣት ድምፅ ስሰማው አለቀስኩ። ማልቀስ የአማካሪ ወግ አይደለም፤ መስኮት አየሁ።

11 ነጥብ ሰጧቸው። ለምግብ 4፣ ለመታጠብ 3፣ ለመልበስ 2፣ ለመጸዳዳት 2። ለከፍተኛው ክፍያ አንድ ጎደለ። የመንቀሳቀሱ ነጥብ አልሞላም። ገንዘቡ ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ በአንዴ ገባላቸው።

እትዬ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ማዕከሉ አልመጡም። ስልኬንም አላነሱም። ልጃቸውን መንገድ ላይ አገኘኋትና «ምን አጠፋሁ?» አልኳት። «እማዬ አፍራ ነው» አለችኝ። «አንቺን ስታይ ያ ቀን ትዝ ይላታል።» ይሄን ምን ብዬ እመዝግበው? የማዕከላችን ሪፖርት ላይ «የተሳካ ይግባኝ» ተብሎ ነው የገባው።

አራት ነጥብ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 መንግሥት አዲስ ሐሳብ አወጣ። ከእንግዲህ የዕለት ኑሮውን ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ በአንዱ ተግባር 4 ነጥብ ይፈለጋል፣ 2 በ2 ተጠራቅሞ 8 ቢሞላም አይበቃም የሚል። ያን ሰሞን ስልኬ አላረፈም። ሰው ውሳኔ ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ ነጥቡን በጣቱ ይቆጥራል። 2፣ 2፣ 2፣ 2። «አራት የለኝም፣ ምን ልሁን?» አንዱ አባት የሚጥል በሽታ ካለበት ልጃቸው ጋር መጥተው ደብዳቤውን ገልብጠው ጀርባውን ሳይቀር ፈለጉ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን (እ.ኤ.አ.) ፓርላማው ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው፣ የገዛ ፓርቲው አባላት ስላመፁበት፣ መንግሥት ያንን አንቀጽ ከረቂቅ ሕጉ እንደሚሰርዝ አስታወቀ። በሚኒስትሩ በስቲቨን ቲምስ የሚመራ ግምገማ ይደረግና ከዚያ በኋላ ይታያል ተባለ። እፎይ አልን። ግን አልረሳሁትም። 2 ነጥብ ማለት ለእኔ ቁጥር አይደለም። ያልተከደነ ጠርሙስ ነው። አራት እንደዚህ ያሉ ነገሮች አንድ ቤት ውስጥ ሲገኙ ያ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚገፋው ማየት ለሚፈልግ ይታያል።

አሁን የምሠራበት መንገድ ተቀይሯል። ፎርም ከመሙላቴ በፊት ከቻልኩ ቤት እሄዳለሁ። ጊዜ የለኝም፣ ግን እሄዳለሁ። ማድ ቤት ገብቼ ውሃ እቀዳለሁ። ከዚያ «ይችላሉ?» ሳይሆን «ትናንት እንዴት አደረጉት?» እላለሁ። ስልክ ላይ ሰው «ደህና ነኝ» ሲል አቋርጬ «ይህ የእኛ ሰላምታ ነው፣ መልስ አድርገው አይመዝግቡት» እላለሁ። አንዳንዱ ገምጋሚ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ያመሰግነኛል።

ለእትዬ ክፍያው የተፈቀደላቸው ለሦስት ዓመት ነበር። ሦስት ዓመት ሞላ። ባለፈው ቅዳሜ ራሳቸው ደወሉ። «ነይ ቡና ጠጪ» አሉኝ፤ ቡና ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ቡናማው ፖስታ ረከቦቱ አጠገብ ነበር። ተከፍቷል። ልጃቸው ናት የከፈተችው። ፎርሙ ሁሉንም ነገር እንደገና ይጠይቃል።

ማድ ቤት ገባሁ። ጠርሙሱ እዚያው ነው፤ ሳህኑ ተቀይሯል፤ የድሮው ተሰብሯል አሉኝ። ተመልሼ ቁጭ ስል እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ነበር። «ከምግቡ እንጀምር» አሉ። «ክዳኑን ጻፊ። ሽንኩርቱን ጻፊ። አሁን ምጣዱም እንደቀረ ጻፊ፤ እንጀራ ከሱቅ ነው የምንገዛው።» እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው የምጽፈውን ያያሉ። ገጹ ሲሞላ ገለበጥኩት። ቀጣዩ መታጠብ ነው።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ትንሽ ቆዪ» አሉኝ። ልጃቸው ሁለተኛውን ጀበና ይዛ እስክትመጣ ጠበቅን።